የቅልጥሜ ስንጥቅ እና የአስፋልቱ ስንጥቅ

ማሽኑ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያጎብጣል። ክንድ የማይሞላ የአስፋልት ቢም፣ ማለትም እንደ አጣና የተቆረጠ ናሙና፣ በአራት መያዣ ተይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ጉብጠቱ በዓይን አይታይም። ድምፁ ግን ጆሮ ይይዛል፤ ቀጭንና የማያቋርጥ ጥዝዝታ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይሮጣል፦ 10,000፣ 50,000፣ 100,000። የቢሙ ግትርነት ከመነሻው በግማሽ ሲወርድ «ሞተ» ብለን እንመዘግባለን። ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ቢሙ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ደህና ይመስላል።

ይህ የሆነው ለማስተርስ ኔዘርላንድስ በነበርኩበት ጊዜ፣ በብርዱ ወራት ነው። ቀን ቀን የአስፋልት ድካም እለካለሁ። ማታ ማታ እሮጣለሁ። ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ ያወቅሁት ቅልጥሜ ሲሰነጠቅ ነው።

እሮጥ የነበረው ለግማሽ ማራቶን ነበር። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። አቀበት የለም። ጫካው ከከተማው ይርቃል። ቅርብ ያለው የብስክሌት መንገድ ነው፤ ቀይ አስፋልት፣ እንደ ምጣድ የለሰለሰ። የመንገድ መሐንዲስ ስለሆንኩ ሥራውን ቆሜ አይ ነበር። መገጣጠሚያው፣ የውሃ መውረጃው፣ ሁሉ ነገሩ ልቅም ያለ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ጫማ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሩጫ እንዲህ አልነበረም። አንድ ቀን እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዝን። አንድ ቀን ኮረኮንች። አንድ ቀን ሣር። አስፋልት በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። የሰፈራችን አሰልጣኝ «አስፋልት ቅመም ነው፣ ወጥ አይደለም» ይለን ነበር። ያኔ እንደ አባባል ብቻ ነበር የሰማሁት።

በአምስተኛው ሳምንት ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ታመመች። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ። ከዚያ ደረጃ ስወጣ። ከዚያ ተኝቼም። ኤክስሬይ ተነሳሁ፤ ምንም የለም ተባልኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኤምአርአይ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቷ ምስሉን አዙራ አሳየችኝ። «አጥንትሽ አንድ ቀን አልተሰበረም» አለችኝ። «ቀስ እያለ ደከመ።» ከዚያ ስሙን በቋንቋዋ ጻፈችልኝ። ቃል በቃል ሲፈታ «የድካም ስብራት» ማለት ነው።

ድካም። በየቀኑ በላብራቶሪ ሪፖርቴ ላይ የምጽፈው ቃል።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ስመለስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። በማግስቱ ክራንቼን ተደግፌ ላብራቶሪ ገባሁ፤ ግን የከፈትኩት ስለ አስፋልት የሚያወራ ጽሑፍ አልነበረም። ስለ አጥንት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብኩት ነገር እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

የሁለቱ ታሪክ በተመሳሳይ ዘመን ይጀምራል። በፈረንጆቹ 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይሄድ የነበረ ባቡር አክስሉ፣ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት፣ ተሰብሮ ብዙ ሰው ሞተ። አክስሉ ያን ቀን የተለየ ጭነት አልተሸከመም። በየቀኑ የሚሸከመውን ነው የተሸከመው። ከዚያ በኋላ አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ ዓመታት ወስዶ ብረትን ደጋግሞ እያጎበጠ ሞከረ። አንድ ጊዜ ቢጫንበት የማይጎዳው ጭነት፣ ሺህ ጊዜና ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም እንደሚሰብረው አሳየ። በዚያው ዘመን፣ በ1855፣ ብራይትሃፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ሰልፍ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚመጡ ጻፈ። መውደቅ የለም፣ መመታት የለም። ዝም ብሎ ያብጣል። ምክንያቱ የታወቀው ኤክስሬይ ከመጣ በኋላ፣ በ1897 ነው፤ የእግር መዳፍ አጥንቶቻቸው ተሰንጥቀው ነበር። መሐንዲሱና ሐኪሙ ያዩት አንድ ነገር ነው። አንዱ በብረት፣ አንዱ በሰው።

ወደ መንገድ ስንመጣ ትልቁ ቆጠራ የተካሄደው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከ1958 እስከ 1960። እኛ በሙያው «የአሾ ሙከራ» እንለዋለን። ውፍረታቸው የተለያየ መንገዶች ተሠሩ። ከዚያ የጦር ሠራዊት ሾፌሮች ጭነት መኪና እየነዱ ለሁለት ዓመት ዞሩባቸው። ወደ 1.1 ሚሊዮን ጊዜ የሚጠጋ አክስል አለፈ። ከዚያ የወጣው ሕግ ዛሬም የብዙ አገሮች የመንገድ ዲዛይን መሠረት ነው፤ የእኛም ጭምር። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ የአክስሉ ጭነት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ቁጥር ለማያውቅ ሰው ስነግር ሁልጊዜ አንድ ስሌት እጨምራለሁ። መለኪያ አድርገን የያዝነው 8.2 ቶን የሚሸከም አክስል ነው። አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ የቤት መኪና አንዱ አክስሏ ግማሽ ቶን ይሸከማል። ያ ከባድ አክስል አንዴ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ እንዲህ ያሉ 36 ሺህ መኪኖች ማለፍ አለባቸው። ከተፈቀደለት ግማሽ ያህል ጨምሮ የጫነ ሲኖትራክ ደግሞ በልኩ የጫኑ አምስት ሲኖትራኮች ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሚዛን ጣቢያ ላይ የምንጨቃጨቀው። መንገዱን ሲኖው ይጨርሰዋል፤ ሌላው ሁሉ ከዜሮ አይለይም።

ሰውም ዜሮ ነው። አህያም ዜሮ ናት። እኔ በየምሽቱ ያን ቀይ አስፋልት ስረግጠው ለአስፋልቱ ምንም አልነበርኩም። ዲዛይን የሚሠራ ሰው እኔን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ታዲያ ከሌላው ጎን ብናየውስ? አስፋልቱ ለእኔ ምንድን ነበር?

ስንሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ እግራችን ከክብደታችን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይቀበላል። በደቂቃ 180 እርምጃ ብንል በሰዓት 10,800 ነው። ለአንድ እግር 5,400። በሳምንት አምስት ቀን፣ 27,000። በአምስት ሳምንት፣ 135,000። ደብተሬን ገልጬ አየሁ። ከሞቱት ቢሞቼ አንዷ የሞተችው በዚህ ቁጥር አካባቢ ነበር። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በእውነት ያስደነገጠኝ ነገር መጣ። እኛ አስፋልት ስንለካ የምንጠቀምበት መለኪያ ማይክሮስትሬይን ይባላል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ነገር በሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ሲሳብ 1 ማይክሮስትሬይን ነው። ዕድሜው እንዲረዝም የምንፈልገው መንገድ የታችኛው የአስፋልት ንጣፍ ከ70 ማይክሮስትሬይን በላይ እንዳይሳብ እንጠነቀቃለን። አንድ ሜትር አስፋልት የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ተሳበ እንደማለት ነው። ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ከተሳበ ስንጥቁ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይመጣል።

የአጥንት ተመራማሪዎችም በዚሁ መለኪያ ነው የሚሠሩት። ክሊንተን ሩቢንና ላንስ ላንየን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1980ዎቹ ከተለያዩ እንስሳት የተለካውን ሰበሰቡ። ፈረስ ሲጋልብ፣ ውሻ ሲሮጥ፣ ወፍ ክንፏን ስትመታ። እንስሳቱ በመጠን ምንም አይገናኙም። አጥንታቸው ኃይለኛ እንቅስቃሴ ላይ የሚሳበው ግን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፦ ከ2,000 እስከ 3,000 ማይክሮስትሬይን።

ሁለት ሺህ! ለአስፋልት ከፈቀድነው ወደ ሠላሳ እጥፍ የሚጠጋ። ዲዛይን ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ይዤ ብቀርብ ወረቀቱን ይመልሱልኛል። አጥንት ግን ዕድሜ ልኩን እንደዚህ ይኖራል። ሰባ ዓመት፣ ሰማንያ ዓመት። አንድ ምሽት ይህን አንብቤ የራሴን ቅልጥም በእጄ ይዤ እንደ አዲስ ነገር ዳሰስኩት። ተሰንጥቆብኛል ብዬ ሳዝን ነበር። ከዚያ በኋላ የገረመኝ እስከዚያ ቀን ሳይሰነጠቅ መቆየቱ ነው።

እንዴት ይችላል? ሕይወት ስላለው ነው። አጥንት በየጊዜው ራሱን ይጠግናል። ትንሽ ስንጥቅ የተፈጠረበት ቦታ ላይ መጀመሪያ አፍራሽ ሴሎች ይመጣሉ። የተጎዳውን ቦርቡረው ያወጣሉ። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ከኋላቸው ገንቢ ሴሎች ይከተሉና አዲስ አጥንት ይሞላሉ። መሙላቱ ወራት ይፈጃል።

ጥገና ላይ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። የአስፋልት ጉድጓድ ስንደፍን መጀመሪያ እናሰፋዋለን። የተበላሸውን ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ቆርጠን እናወጣለን። አቧራውን ጠርገን፣ ሬንጅ ቀብተን፣ ትኩሱን ሞልተን እንጠቀጥቃለን። ከመቁረጥ እስከ መሙላት ባለው ጊዜ ጉድጓዱ ከበፊቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ሰው እናቆማለን፣ ባንዲራ እናስይዛለን፣ መኪናውን በተለዋጭ መንገድ እንልካለን። ተቆርጦ ባልተሞላ ጉድጓድ ላይ ትራፊክ የሚለቅ ፎርማን የለም።

እኔ የለቀቅሁት ያንን ነው። ሩጫ ከጀመርኩ በኋላ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንት አጥንቴ ውስጥ አፍራሾቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ቁፋሮው ተከፍቷል፣ ሙሌቱ ገና ነው። አጥንቱ ያኔ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደካማ ነው። አዲስ ምልምል ወታደሮች ላይ ይህ ስብራት ሥልጠና በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበዛውም ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ጥንካሬ የተሰማኝ በዚያው ሰሞን ነበር። ሳንባዬና ልቤ ቀድመው ጎብዘው ነበር። እነሱን አምኜ ኪሎ ሜትር ጨመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ጥፋቱ የአስፋልቱ ጥንካሬ ነው? ብዙ ሯጭ እንደዚያ ያምናል። እኔም አምን ነበር። ጥናቱ ግን እንዲህ ቀላል መልስ አይሰጥም።

እግራችን እንደ ሞላ ነው የሚሠራው። ብሪታኒያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ማክኒል አሌክሳንደር ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ባሳተመው ሥራ፣ በእያንዳንዱ የሩጫ እርምጃ ላይ ከሚገባው ጉልበት 35 በመቶ ያህሉን የተረከዝ ጅማት፣ 17 በመቶ ያህሉን ደግሞ የውስጥ እግራችን ቅስት እንደሚያስቀምጡት አስልቷል። ያስቀመጡትንም መልሰው ይሰጡናል። ሞላው ደግሞ ራሱን ያስተካክላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዳንኤል ፌሪስና ክሌር ፋርሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሯጮችን ከለስላሳ ወለል ወደ ጠንካራ ወለል እንዲሻገሩ አደረጓቸው። መሬቱ ሲጠነክር እግራቸው ላላ። መሬቱ ሲላላ እግራቸው ጠነከረ። ለውጡ የመጣው አዲሱ ወለል ላይ ባረፈችው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። የሰውነታቸው ከፍታና ዝቅታ ሳይለወጥ አለፉ። ኮረኮንች ላይ ሮጦ አስፋልት የወጣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ሳያስብበት ይቀየራል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሃርቫርዱ መም ነው። ቶማስ ማክማን መሐንዲስም ባዮሎጂስትም ነበር። ከፒተር ግሪን ጋር ሆኖ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ለሰው እግር የሚስማማው የወለል ግትርነት ስንት ነው? እኛ ለጎማ የምንጠይቀውን ለእግር ጠየቁ። ትራስ በመሰለ ስፖንጅ ላይ ሰው አስሮጡ፤ እግሩ እየሰመጠ ዘገየ። አሸዋ ላይ የሮጠ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። በጣም ጠንካራ ወለል ላይም የተለየ ትርፍ የለም። መሃል ላይ ግን ከእግሩ ሞላ ጋር የሚግባባ ግትርነት አለ። በ1977 ሃርቫርድ ውስጥ በዚህ ስሌት የቤት ውስጥ መም ተሠራ። ሯጮቹ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ፍጥነት ጨመሩ። ጉዳታቸውም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወለል ብቻ ተቀይሮ!

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? አስፋልት ብቻውን አጥንት ይሰነጥቃል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። እኔ የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ የጎዳኝ ጥንካሬው ሳይሆን አንድ ዓይነትነቱ ነው። ኮረኮንች ላይ ሁለት እርምጃ አይመሳሰልም። አንዷ ድንጋይ ወደ ውጭ ታዘነብልሃለች፣ አንዷ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ አቀበት ይመጣል። ጭነቱ አጥንቱ ላይ ቦታ ይቀያይራል። ያ ቀይ መንገድ ግን ልክ እንደ ላብራቶሪ ማሽናችን ነበር። ያችኑ ቦታ፣ በዚያው ኃይል፣ 135 ሺህ ጊዜ። አሰልጣኛችን «ቅመም ነው» ሲል ይህን ስሌት አልሠራም። ግን ያውቅ ነበር።

ስለ ፈረሶቹም ልናገር፤ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ነው። ሪቻርድ ቴይለር የተባለ ሳይንቲስት ሃርቫርድ ውስጥ የእንስሳትን አካሄድ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቷል። በ1981 ድንክ ፈረሶችን መሮጫ ማሽን ላይ አሠልጥኖ የሚተነፍሱትን አየር ለካ። ፈረስ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በግልቢያ ሲሄድ ለእያንዳንዱ የሚቀለው ፍጥነት አለ። ስለዚህ ፈረስ አካሄዱን የሚቀይረው ጉልበት ለመቆጠብ ነው ተባለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከክሌር ፋርሊ ጋር ሌላ ሙከራ አደረጉ። ፈረሶቹን ጭነት አሸከሟቸው። የተጫኑት ፈረሶች ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ የሚቀይሩት በዝቅተኛ ፍጥነት ሆነ። ቀድመው ቀየሩ። ቢለካ እግራቸው ላይ ያረፈው ኃይል ያለ ጭነት ሲቀይሩ ከነበረው ጋር እኩል ነው። ፈረሱ ይጠብቅ የነበረው እግሩን ነው። አጥንቱና ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አንድ ደረጃ ሲደርስ አካሄዱን ይለውጣል። ማንም ሳይነግረው።

ከዚህ በኋላ የጋሪ ፈረስን ማየት ከበደኝ። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ደብረ ብርሃን ያየናቸውን አስቡ። አስፋልቱ ላይ ኳ ኳ እያለ ይመጣል። ቁልቁለት ላይ ሲዘገይ አለንጋ ያርፍበታል። እሱ ግን እየሰነፈ ላይሆን ይችላል። ሰውነቱ የሚነግረውን እየሰማ ይሆናል። ባለጋሪውም ቤተሰብ አለው፣ ዕዳ አለው፤ እሱን ለመውቀስ አይደለም። እግሩ የሚለካውን እኛ እንደማንለካለት ብቻ ነው የምለው።

ወደ እኔ ልመለስ። ስድስት ሳምንት እንዳልሮጥ ታዘዝኩ። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት። በእነዚያ ሳምንታት ግን ላብራቶሪ ውስጥ አንድ አዲስ ሙከራ ጀመርን። ማሽኑን ከማያቋርጥ ይልቅ ዕረፍት እንዲሰጥ አደረግነው። ያጎብጣል፣ ይቆማል፣ ያጎብጣል። ቢሞቹ ይበልጥ ቆዩ። ይህ ግኝት የእኔ አይደለም። ባዚንና ሶኒዬ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 የተሰበረ የአስፋልት ቢም ገጥመው ሲያሳርፉት አብዛኛውን ጥንካሬውን መልሶ እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ሬንጅ ፈሳሽነት አለው። ጊዜና ሙቀት ካገኘ በጣም ቀጭኑን ስንጥቅ ራሱ ይሞላዋል። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሞተው ቢም እውነተኛው መንገድ ላይ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሚቆየው በከፊል ለዚህ ነው። በአንድ መኪናና በሚቀጥለው መካከል መንገዱ ትንሽ ያርፋል። ሌሊት ያርፋል።

ሆላንዶቹ ይህን ወደ ሥራ ለውጠውታል። የዴልፍት ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ሽላንገን ከባልደረቦቹ ጋር ቀጭን የብረት ሱፍ አስፋልት ውስጥ ቀላቀለ። በ2010 መጨረሻ ኤ58 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አነጠፉት። በመግነጢስ ኃይል የሚያሞቅ ማሽን ከላይ ሲያልፍበት ብረቱ ይግላል፣ ሬንጁ ይቀልጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። በዚያ መንገድ በጓደኛዬ መኪና አልፌያለሁ። ከላይ ሲታይ እንደ ማንኛውም መንገድ ነው።

አጥንትም ዕረፍት ላይ የተለየ ባሕርይ አለው። ሩቢንና ላንየን በአውራ ዶሮ ክንፍ አጥንት ላይ ባደረጉት ሙከራ በቀን 36 ጊዜ መጫን አጥንቱን አወፈረው። 1,800 ጊዜ መጫን ግን ከዚያ የተለየ ነገር አልጨመረም። ሮብሊንግና ባልደረቦቹ ደግሞ በአይጦች ሞከሩ። 360 ጫና በአንድ ጊዜ ከመስጠት፣ በየመሃሉ ሰዓታት እያሳረፉ 90 በ90 አራት ጊዜ መስጠት የበለጠ አጥንት ሠራ። አጥንት ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፣ ከዚያ ጆሮውን ይዘጋል። እንደገና እንዲሰማ ሰዓታት ማረፍ አለበት። እኔ በእነዚያ ምሽቶች አንድ ሰዓት ሙሉ አስፋልቱን ስረግጥ አጥንቴ የሰማው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሳይሆን አይቀርም። የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

በእነዚያው ሳምንታት የአበበ ቢቂላን የሮም ሩጫ ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁ። ልጅ ሆኜ ሳየው ሰንደቃችንን ነበር የማየው። አሁን እግሩን አየሁ። መስከረም 1960፣ በፈረንጆቹ። የጥንቱ የአፒያ መንገድ፣ ሮማውያን ያነጠፉት ጥቁር ድንጋይ፣ ግራና ቀኝ ችቦ የያዙ ወታደሮች። ባዶ እግሩን፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከ24 ሺህ በላይ እርምጃ ነው። እንቅስቃሴው ውስጥ ግጭት የለም። ድንጋዩን የሚመታው አይመስልም፤ የሚያውቀው ነው የሚመስለው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ፣ አስፋልት ላይ ሮጦ የራሱን ሰዓት አሻሻለ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩ ተጎድቶ ነበርና ግማሽ ሳይደርስ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ወርቁን ወሰደ። አበበ እንኳ እግር ነበረው። ያ ሐሳብ አጽናናኝ።

አገሬ ተመልሼ የገጠር መንገድ ፕሮጀክት ላይ ሥራ ጀመርኩ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ። መጀመሪያ የሚደረገው የትራፊክ ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፎርም ላይ ጭረት ይጭራሉ፤ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ሲኖ። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ሽማግሌ አራት አህዮች እየነዱ መጡና ቆሙ። ጤፍ ጭነዋል። ምን እንደምንሠራ ጠየቁ።

«መኪና እየቆጠርን ነው አባቴ። መንገዱ በአስፋልት ሊሠራ ነው።»

«እሰየው። እኛንስ ቆጠራችሁን?»

ፎርሙን አየሁት። ቦታ የለውም።

«እናንተ መንገዱን አትጎዱትም አባቴ» አልኩ። እውነት ነው፤ ስሌቱ እንደዚያ ነው የሚለው።

አህያዋን ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። «እኛማ አንጎዳውም ልጄ። እሱ ነው የሚጎዳን። ሰኮናቸውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሲዘንብ ደግሞ ያንሸራትታቸዋል። በጭነት የወደቀች አህያ አትነሳም።»

የምለው ጠፋኝ። በክራንች የሄድኩባቸው ሳምንታት ትዝ አሉኝ። በዚያው ቀን በፎርሙ ሕዳግ ላይ በእጄ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ እግረኛ እና የጭነት እንስሳ። ረፋድ ላይ ሕዳጉ ሞላ። ወረቀት ቀጠልን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አለፉ፣ ወገባቸው ጎብጦ። ስለ ኬንያ የኪኩዩና የሉኦ ሴቶች በ1986 የወጣ ጥናት አለ፤ የክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ተሸክመው ሲሄዱ ምንም ተጨማሪ ጉልበት አያወጡም ነበር። በፊታችን ያለፉት ሴቶች የተሸከሙት ግን ከ20 በመቶ እጅግ ይበልጣል። እነሱንም ጭረት አደረግናቸው።

ያ ወረቀት በስብሰባ ላይ ብዙ አከራከረ። የጠየቅሁት ከአስፋልቱ ዳር ሰፋ ያለ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የጠጠር ሾልደር ነው። ለእግርና ለሰኮና የሚሆን። ተቃውሞው ገንዘብ ነበር፤ ጭቅጭቁም የክፋት አልነበረም። በመጨረሻ ከገበያው ግራና ቀኝ ላሉት ኪሎ ሜትሮች ተፈቀደ። ለቀረው አልተፈቀደም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማለዳ እዚያ ሄጄ ሮጥኩ። ቅልጥሜ ደህና ነው። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አርፋለሁ፣ መሬት እቀያይራለሁ። ብርድ ነበር፣ ጉሙ ገና አልተነሳም። ሾልደሩ ላይ የሰኮና ዱካ ሞልቷል። አህዮቹ ከፊቴ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ጠጠሩ ከሥራቸው ይንሾካሾካል። አስፋልቱ አጠገባቸው ባዶውን ተዘርግቷል፤ አንዷም አልወጣችበትም። ሾልደሩ የሚያልቅበት ቦታ ስንደርስ መሪዋ ቆመች። አስፋልቱን አየችው። ከዚያ ቦዩን ተሻግራ ወደ ማሳው ወረደች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። እዚያ በእግር ብዛት የተሠራ ቀጭን የአፈር መንገድ ነበር። እኔም ተከተልኳቸው።